ኤሪሳ የጠርሙሱን ፊልም ያቃናበት እሁድ

እኔ ፊልም በጆሮዬ ነው የማየው። ናቴቴ ገበያ ውስጥ የሉቦዋን ቪዲዮ ቤት የእንጨት ግድግዳ ተደግፌ ካሳቫ መጥበስ ከጀመርኩ ወዲህ ልጆቼ አድገው ተድረዋል፤ እስከዚያች እሁድ ድረስ ግን አንድም ቀን ገብቼ ቁጭ ብዬ አላውቅም ነበር። የሚንተከተክ ዘይት ለማን ጥዬ እገባለሁ? ደግሞስ ምን አስገባኝ? ኤሪሳ ውስጥ ሆኖ ሲናገር እኔ ውጭ ሆኜ ሁሉንም አየዋለሁ። መኪናው ሲገለበጥ፣ ልጅቷ በመስኮት ስትዘል፣ ሽማግሌው አልጋ ላይ ሆኖ ሲናዘዝ፣ ሁሉም በእሱ አፍ ይመጣልኛል።

ኤሪሳ ቪጄ ነው። ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ሲንጫጫ ከስክሪኑ ጎን ማይክራፎን ይዞ ተቀምጦ በእኛ በሉጋንዳ የሚያወራልን ሰው ነው። ተርጓሚ ብትሉት ይቀየማችኋል። ተርጓሚ የተባለውን ይላል፤ ኤሪሳ መባል የነበረበትን ነው የሚለው። የፊልሙ ፖሊስ አዛዥ በእሱ አፍ የገበያችን ግብር ሰብሳቢ ይሆናል፤ ወንበዴው ደግሞ ሳይጠራ ሠርግ ቤት ገብቶ ሥጋውን ቀድሞ የሚያነሳ ሰውዬ ይሆናል። መጥፎ ፊልም እጁ ሲገባ ደስ ይለዋል። «ጥሩውን ምን ላድርገው ሴንጋ? ጥሩውን ማንም ያወራዋል» ይለኛል። ሴንጋ የአባት እህት ናት። እኔ የእሱ አይደለሁም፤ ግን ገበያው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ።

አዲስ ሰው ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ተመልካቹ መጀመሪያ የሚጮኸው «ጎሳው?» ብሎ ነው። ኤሪሳ ወዲያው ይመልሳል። «ይሄማ የዝሆን ጎሳ ነው፣ አረማመዱን አታዩም?» ይላል፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉ የዝሆን ጎሳ ልጆች ያጨበጭባሉ። ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ የአንድ ጎሳ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። ስለዚህ ጎበዙ ልጅቷን አየት ሲያደርጋት ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው ይፈቀድላቸው እንደሆነ ነው። ኤሪሳ ሥራውን በጀመረ ሰሞን ለሁለቱም ሳያስበው የጦጣ ጎሳ ሰጣቸውና መጨረሻ ላይ አፍ ለአፍ ሊገጥሙ ሲሉ አንዲት አሮጊት ጫማዋን አውልቃ ስክሪኑ ላይ ወረወረች። «ኧረ ቆዩ፣ ልጅቷ የማደጎ ናት!» ብሎ በስንት መከራ አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን አስቀድሞ ሳያይ አይናገርም።

ለስክሪኑ ሰው ሁሉ ጎሳ የሚያድለው ሰው ግን የራሱ አልነበረውም። ጎሳ ከአባት ነው የሚወረሰው። እናቱ የጭነት መኪኖች ማረፊያ ሙዝ የምትሸጥ ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ነበረች፤ አባቱ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው ይባላል እንጂ ማን እንደሆነ ለማንም ሳትነግር ኤሪሳ ገና ልጅ ሳለ ሞተች። ሉቦዋ፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት፣ ወንበር ላይ እያስተኛ አሳደገው። ሉቦዋ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ልጅ አልወለደም። ፍቅርም አያውቅበትም። ሲቆጣም ይጮሃል፣ ደስ ሲለውም ይጮሃል፣ ልዩነቱን እኔ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ኤሪሳን «አንተ!» ከማለት ሌላ በስሙ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ስሙም ቢሆን ያው ኤሪሳ ብቻ ነው፤ እኛ ሁላችን ከክርስትናው ስም ሌላ ጎሳችን የሰጠን ስም አለን። «ኤሪሳ ማን?» ሲሉት «ኤሪሳ ብቻ» ይልና ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የታላቅ ወንድሜ ልጅ ናንኪያ ከምድጃዬ ፊት ለፊት ጥላ ሥር የስፌት መኪና አላት። ኤሪሳ ካሳቫ ሊገዛ እየመጣ ሸሚዙን ማስጠበብ፣ ከዚያ ማስፋት፣ ከዚያ እንደገና ማስጠበብ ጀመረ። ሞኝ አይደለሁም፤ ሸሚዝ ይህን ያህል አያስቸግርም። ናንኪያን ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። ለካ እሷ ከእሱ ቀድማ ወዳዋለች! እኔ እውነተኛ ሴንጋዋ ነኝ፤ ወንድ ሲመጣላት ለቤተሰብ የማስተዋውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ አባቷ ዘንድ፣ ወንድሜ ሙትያባ ዘንድ ሄድኩ።

ሙትያባ የብስክሌት ዕቃ ይሸጣል፤ የጎሳችንን ነገር ከላይ እስከ ታች የሚያውቅ፣ ምራቁን የዋጠ ሰው ነው። የእኛ ጎሳ የማምባ ነው፤ ማምባ የሚባለውን ዓሣ አንበላም። እንደ ልማዳችን ተንበርክኬ ሰላም ብዬው ነገሩን አወራሁት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጁን እንደማይጠላው፣ እንዲያውም ድምፁ ሱቁ ድረስ እየመጣ እንደሚያስቀው ነገረኝ። ከዚያ ግን «አባቱ ከእኛው ጎሳ ቢሆንስ?» አለኝ። «ያ ሾፌር ማምባ ከሆነ ልጄን ለወንድሟ ልሰጥ ነው? እየሰደብኩት አይደለም። ፈርቼ ነው።» ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ። ጭራሽ ደግሞ የአንድ የታክሲ ባለቤት ቤተሰብ ናንኪያን ሊጠይቅ ለትንሣኤ ማግስት ቀጠሮ እንደያዘ ሰማን። ኤሪሳ እስከዚያ ድረስ ወይ ጎሳ ያገኛል፣ ወይ ናንኪያን ያጣል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ያ የጠርሙስ ፊልም የመጣው በዚህ መሀል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሲዲው ደረሰ፤ አዲስ ነው፣ ባለ ጉልበት ጀግና አለበት ተብሎ ገበያው ሁሉ ተተራመሰ። መብራት ግን ጠፍቶ ነበር። ኤሪሳ አስቀድሜ ልየው ብሎ ቢለምን ሉቦዋ ለአንድ ሰው ብሎ ጄኔሬተር እንደማያስነሳ ጮኾ ነገረው። እናም ልጁ ፊልሙን ሳያየው ገባበት።

ጀግናው ባቡር በትከሻው የሚያቆም ሰው ነው። ኤሪሳ «ባለ ትከሻው» አለው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። ባለ ትከሻው ሕፃን ሳለ አንድ ትልቅ ፋብሪካ በር ላይ ተጥሎ የተገኘ ነው፤ አድጎ ከተማውን እያዳነ አባቱን ይፈልጋል። ሰው እንደልማዱ «ጎሳው?» ብሎ ጮኸ። ኤሪሳ «ቆዩ። እሱም አያውቀውም። አብረን እንፈልግለታለን። ፊልሙ ሳያልቅ አባቱን አሳያችኋለሁ» አለ። ቢላዋዬ ካሳቫው ላይ ቆሞ ቀረ። ማንን እየፈለገ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ገበያውም ያውቃል። ናንኪያ ስፌቷን ትታ ገባች።

ከዚያ ወዲያ የሰማሁትን ብነግራችሁ ባለ ትከሻው ይሮጣል፣ ይጠይቃል፣ ይደባደባል፣ እንደገና ይሮጣል። ኤሪሳ ተስፋውን እየጨመረበት፣ እያጋጋለው ሄደ። መጨረሻ ላይ የፋብሪካው ጌታ፣ ክፉው ሰውዬ፣ አንድ የብረት በር ከፈተ። ኤሪሳም ዝም አለ።

እኔ በዕድሜዬ የፊልሙን የራሱን ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ለካ ያለ ኤሪሳ ፊልም ማለት ሙዚቃና ማጉረምረም ነው። በኋላ እንደነገሩኝ በሩ ውስጥ ያለው የሰው ቁመት የሚያህል ጠርሙስ ነው፤ ባለ ትከሻው አባትም እናትም የለውም፣ እዚያ ውስጥ ነው ያበቀሉት። ሰውዬው ይህንኑ ይነግረዋል፣ ባለ ትከሻው ይጮኻል፣ ሕንፃው በክፉው ሰውዬ ላይ ይደረመሳል፣ ባለ ትከሻውም በከተማው ጣሪያዎች ላይ ብቻውን ይሄዳል፤ አለቀ።

ሰዉ ተናደደ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አባት ፍለጋ አሩጦ ጠርሙስ ያሳያል? ከኋላ አንዱ ባለጌ «ኤሪሳ፣ አንተም የጠርሙስ ጎሳ ነህ እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እስኪመሽ ድረስ ገበያው ሁሉ «የጠርሙስ ጎሳ» እያለ ሲጠራው ዋለ። እነዚያው እኔ በየቀኑ የምመርቅላቸው ደንበኞቼ ናቸው፤ የዚያን ቀን ያረረውን ካሳቫ መርጬ ሸጥኩላቸው፤ ደግ አደረግኩ።

ሉቦዋ ደግሞ መጣና ነገ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚደገም፣ ወይ ፊልሙን እንዲያቃናው ወይ ሌላ ተናጋሪ እንደሚያመጣ ጮኸበት።

ኤሪሳ ምድጃዬ አጠገብ ተቀመጠ፤ ናንኪያም ክሩን በጣቷ እየጠቀለለች መጣች። «ፊልም ሠሪዎቹ ሁሉ ነገር አላቸው» አለ ኤሪሳ። «ባቡር አላቸው፣ ከተማ የሚያፈርሱበት ጉልበት አላቸው። ልጁን ግን መጨረሻ ላይ ምን እንደሚሉት አያውቁም። ያን ያህል ካስሮጡት በኋላ ዝም ብለው ጣሪያ ላይ ጣሉት።» እኔ ክፉውን ሰውዬ አባቱ አድርገው አልኩት። ያንንማ ስንቴ አይተነዋል ብሎ አጣጣለብኝ። እንግዲያው ጠርሙሱን ዝለለው አልኩ። ያየውን ሰው አላየህም ልለው አልችልም አለኝ። ልክ ነው፤ ስዕሉ አይነካም። እሱ ያለው ድምፁ ብቻ ነው።

ናንኪያ «ጥፋቱ የጠርሙሱ አይደለም» አለች። «ኮቱን አላያችሁም?»

«እኔ ምኑን አያለሁ፣ ግድግዳ ነው የማየው» አልኳት።

የልብስ ሰው አይደለች፣ እሷ ያየችው ኮቱን ነው። ባለ ትከሻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚለብሰው ሰማያዊ ኮት አለ፤ ክርኑ ላይ ሌላ ጨርቅ ተለጥፎበታል። ያ የፋብሪካው ዘበኛ ኮት ነው። መጀመሪያ ላይ ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በሩን ከፍቶ ሕፃኑን ያነሳና በኮቱ ይጠቀልለዋል። መሀል ላይ ያው ዘበኛ ለጎረመሰው ልጅ ውሃ ይሰጠዋል። መጨረሻ ላይ ሕንፃው ሲደረመስ በአቧራው ውስጥ አፉን ከፍቶ ሲሮጥ ይታያል፤ ሙዚቃው ይውጠዋል እንጂ የሚለው ነገር አለ። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ይረሳዋል። «ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አላዩትም» አለች።

«በቃ፣ ዘበኛው አባቱ ነው በልና ጨርስ» አልኩ።

ኤሪሳ ራሱን ነቀነቀ። «አባቱ ነው ካልኩ ዋሸሁ። አባት የለውም፤ ይሄ ተነግሯል። ዘበኛው ሌላ ነው። ኮቱን የሰጠው ነው።» ከዚያ ተነስቶ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ሰው ቤተክርስቲያን ሳለ ጄኔሬተሩ ሲንደቀደቅ ሰማሁ። ሉቦዋ ማንም ሳይጠይቀው አስነስቶለት፣ ኤሪሳ ፊልሙን እየመለሰ ሲያይ አጠገቡ ቆሞ ነበር አሉ፤ አልጮኸም አሉ።

እኔ ደግሞ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ተንበርክኬ ነው የሰደብኩት። አንድን ልጅ ሳትሰማው በሩቁ ትፈርድበታለህ፣ ጎሳ አዋቂ መባልህ ለዚህ ነው ወይ፣ ዛሬ መጥተህ ካልሰማኸው ለናንኪያ ሌላ ሴንጋ ፈልግ አልኩት። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ አልተነሳሁም። ሊገላገለኝ ብሎ መሰለኝ እሺ አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዘይቴን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ገባሁ። ከቤተክርስቲያን የመጣው ወንድሜ ወንዶቻችን ለክብር በሚለብሱት ረጅም ነጭ ቀሚስ ላይ ኮቱን ደርቦ ከፊት ተቀመጠ፤ ሰዉ ቦታ ለቀቀለት። የትናንቶቹ ሳቂታዎች ሁሉ ተመልሰው መጥተዋል፤ ሊስቁ ነው የመጡት። ኤሪሳ ወንድሜን ሲያይ ማይክራፎኑን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረው።

ጀመረ። ዘበኛው ሕፃኑን ሲያነሳ ጀርባው ነው የሚታየው፤ አፉ አይታይም። ኤሪሳ እዚያ ላይ ቃል አስገባለት። ዘበኛው እያጉረመረመ፣ እየተቆጣ «አንተ! በዚህ ዝናብ ማን ጣለህ? አታልቅስብኝ፣ እኔ ልጅ መያዝ አላውቅም!» ይላል። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ዘወር ብዬ ሳይ ሉቦዋ ከኋላ በሩ ጋ ቆሟል፤ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ኤሪሳ ኮቱን አለቀቀውም። ባለ ትከሻው ባቡር ባቆመ ቁጥር «ክርኑ ተቀደደ፣ ሽማግሌው ሊገድለው ነው» ይላል። ሲራብ «ዘበኛው እራት አስቀምጦለታል፣ እሱ ግን አባት ፍለጋ ይዞራል» ይላል። ያው ሩጫ፣ ያው ድብድብ ነው፤ አሁን ግን ሰዉ የሚጨነቀው ለከተማው ሳይሆን ልጁ ወደ በሩ መቼ እንደሚመለስ ሆነ። ትናንት «ጎሳው?» ብሎ የጮኸ ሁሉ ዛሬ አልጠየቀም።

ጠርሙሱ ጋ ደረስን። ኤሪሳ አልሸሸገውም። ክፉው ሰውዬ በግልጽ ተናገረ፦ «አባት የለህም። የማንም አይደለህም። ስትፈልግ የኖርከው የለም።» አንድም ሰው አልሳቀም። ሕንፃው መደርመስ ሲጀምር ኤሪሳ ሙዚቃውን ዝቅ አደረገው። ዘበኛው በአቧራው ውስጥ አፉን ከፍቶ ሲሮጥ ታየ፤ ኤሪሳም ድምፁን ሰጠው።

«የኔ ነው! ማን ነው የማንም አይደለም ያለው? ኮቴን ለብሶ እያያችሁት! የሱ አባት ካልመጣ እኔ አለሁ፣ በኔ ቁጠሩት!»

ባለ ትከሻው ያኔ ዘወር ይላል። ትናንት ዘወር ያለው የሚወድቀውን ምሰሶ ለማየት ነበር አሉ፤ ዛሬ ግን የዞረው ወደ ሽማግሌው ነው፤ በዓይኔ አየሁት። ጣሪያ ላይ ሲሄድም ኤሪሳ «ወደ በሩ እየተመለሰ ነው፤ እራቱ ቀዝቅዟል» ብሎ ጨረሰው። ጎኔ ያሉት ሴቶች አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ጭብጨባው ሳያባራ ወንድሜ ተነሳ። ሰው ዝም አለለት።

«ኤሪሳ» አለ። «ትናንት ሰው ስቆብሃል ሰማሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይስቅብህም። በእኔ ቁጠሩት። የእኔ ልጅ ነህ፤ የማምባ ጎሳ ነህ።»

አዳራሹ ተናጋ። ወንዶቹ ወንበር እየደበደቡ አጨበጨቡ። ሴቶቹ ግን ቶሎ ገባቸው፤ እልልታው ተጀምሮ መሀል ላይ ተቋረጠ። ናንኪያ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። የአባቷ ልጅ ከሆነ ወንድሟ ነው። ወንድሜን አየሁት፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ከልቡ ነው ወይስ ብልጠት ነው? እሱ ከልቤ ነው ብሎ ይምላል። እኔ አንድ ቀን አምነዋለሁ፣ በሚቀጥለው ቀን አላምነውም።

ኤሪሳ ማይክራፎኑን ይዞ ቆሞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረው ቃል ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከተከበረ ሰው አፍ ተሰጠው። እሺ ቢል ማን ይፈርድበታል?

«አባባ ሙትያባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ይህን የሚለኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን አልቀበልዎትም። የርስዎ ልጅ መሆን አልፈልግም፣ አማችዎ ነው መሆን የምፈልገው። እሷን ከማጣ የማንም ሳልሆን ልቅር።»

ማይክራፎኑን አስቀመጠ። ያኔ ከኋላ የሉቦዋ ድምፅ መጣ፤ የተጣላ ሰው ይመስል እየጮኸ።

«ሙትያባ! ጎሳ በአፍ ይሰጣል ማለት ነው?»

ወንድሜ ዞረ። «እኔ ሰጥቻለሁ፣ ሰምተሃል» አለው።

«እንዲያ ከሆነ የምሰጠው እኔ ነኝ። እዚህ ወንበር ላይ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የፌንጣ ጎሳ ነው፣ የኔ ልጅ ነው!»

ወንድሜ የሞት ሞቱን ስለ ደሙ አነሳ፤ ደሙ የማምባ ቢሆንስ አለ። ሉቦዋ ወደ ፊት መጣ፤ አሁን አልጮኸም። «ቅድም ለራስህ ስትወስደው ደሙን ጠይቀሃል?» አለው። በሰው ሁሉ ፊት የተነገረ ነገር ነው፤ ወንድሜ ቃሉን መልሶ ሊውጠው አልቻለም። ተቀመጠ።

ኤሪሳ ሉቦዋን አየው። ሉቦዋ ደግሞ መሬት መሬቱን ያያል። «እምቢ ካልክም ያው ነው፣ ነገ ሥራ አለህ» አለው። ኤሪሳ ሄዶ እግሩ ሥር ተንበረከከ።

በኋላ ሉቦዋን ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። እምቢ ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ አለኝ። ያን የሚያህል ጩኸታም ሰውዬ! ሁለቱ ወደ ሉቦዋ አገር ሄደው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፣ ብዙ ጠየቁ፣ መጨረሻ ላይ ተቀብለው ስም ሰጡት፤ ኤሪሳ ሙጋሉላ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ፌንጣ አይበላም። እሱ ደግሞ የፌንጣ ጥብስ ነፍሱ ነበር፤ ወቅቱ ሲደርስና ገበያው በጥብሱ ሽታ ሲታወድ አፍንጫውን ይዞ በምድጃዬ ፊት ያልፋል፣ እኔም አውቄ እጠራዋለሁ። የታክሲው ባለቤት ቤተሰብ ቀጠሮው ተሰረዘበት።

ሙሽራው ለሙሽሪት ቤተሰብ በሚቀርብበት በማስተዋወቂያው ቀን በወንድሜ ግቢ ድንኳን ተተከለ። በእኛ ልማድ ሙሽራው አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የሚናገርለት ሰው አለ። ለዓለም ሁሉ አፍ የሚሆነው ኤሪሳ በነጭ ቀሚሱ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔ ከእንግዶቹ መሀል መርጬ «የልጃችን ሰው ይህ ነው» ብዬ አቁሜው ከጎኑ ቆምኩ። ያኔ ተናጋሪያቸው ተነስቶ ትውልዱን ቆጠረ። «ኤሪሳ ሙጋሉላ፣ የሉቦዋ ልጅ፣ ሉቦዋ የሴንዳጊሬ ልጅ፣ ሴንዳጊሬ የካልዋኒ ልጅ» አለና፣ ሰዓቱ ስለሄደ መሰለኝ፣ ወደ ስጦታው ሊያልፍ ዞረ። ኤሪሳን ቀና ብዬ አየሁት። ከንፈሩ በየስሙ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለካ አጥንቶታል።

«አልጨረሰም» አለ፣ ለእኔ ብቻ ሊል ፈልጎ። ያን ድምፅ ግን ማን ያፍነዋል? ድንኳኑ ሁሉ ሰማው። «ሁለት ይቀራሉ።»

የሙሽራ አፍ መከፈቱ ነውር ነው፤ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ እኔም ክርኔን ጎኑ ላይ አሳረፍኩበት። ወንድሜ ሙትያባ ግን እጁን አነሳ።

«ይቁጠርለት» አለ። «እንሰማለን።»

ተናጋሪው ተመልሶ ቆመና የቀሩትን ሁለቱን ቆጠረ።